ቢጫው ጄሪካን ውስጥ ያልገባችው ሰንጢ

ይህን ስጽፍ አንዲት ሰንጢ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች። ስወጣ ኪሴ ትገባለች፣ ስተኛ ከትራሴ አጠገብ ትቀመጣለች። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይገረማሉ፤ ምክንያቱም እኔ ሰንጢ የያዘ ሰው ካየሁ መንገድ የምቀይር ሰው ነበርኩ። የለወጠኝ የአንድ ቀን ቀትር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሰዓት የሞላም አይመስለኝም። የሚያምነኝ ይመነኝ፤ የማያምነኝንም አልቀየመውም፤ እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን አላምነውም።

ደረጀ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። በእኛ ሰፈር ሰንጢ የሚይዘው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነበር፤ ዱርዬና ዱርዬ ለመሆን የሚለማመድ። ታላቅ ወንድሜን ጠጅ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ነገ ጠዋት በማይታወስ ነገር ተጣልተው፣ በሰንጢ ወግተውታል። እግዜር ይመስገን ተርፏል። ግን እስከ ዛሬ ሲስቅ ጎኑን ይዞ ነው የሚስቀው። የዚያን ቀን ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ውሃውን አራት ጊዜ ቀይሬ አልጠራ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ሰንጢ ስትከፈት የምታሰማትን "ቀጭ" የምትል ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ያልጠራው ውሃ ይታየኝ ነበር።

ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ቆላ ወረድኩና ሽንፋ አጠገብ የአንድ ባለሀብት የሰሊጥ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስደርስ ያየሁት ግማሹ ሰው ክላሽ ያነገተ ነው። ከድንበር ማዶ የሚመጡት ነጋዴዎች ደግሞ ከክርናቸው በላይ ጩቤ አስረው ሻይ ይጠጣሉ። የሚገርመው፣ ክላሽ የያዘውን "እንደምን ዋልክ" ብዬ አልፈው ነበር፤ ያንን ለመድኩት። ያስጨነቀኝ የሠራተኞቹ ሰንጢ ነው። ሳሉግ የሚባሉት፣ ከደጋው ለአጨዳና ለጭነት የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ ያለ ሰንጢ አንድ እርምጃ አይሄዱም። በሲባጎ አስረው ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሏታል። የጆንያ አፍ የሚፈቱት በእሷ ነው። እሾህ የሚያወጡት፣ ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ጥፍራቸውን የሚቆርጡት፣ የተበጠሰ ኮንጎ ጫማ የሚጠግኑትም በእሷ ነው። እኔ ግን ይህን ሁሉ እያየሁ የሚታየኝ የወንድሜ ጎን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ገና ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ሕግ አወጣሁ። አንድ ቢጫ ጄሪካን አንገቱን ቆርጬ በሩ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጠዋት የሚገባ ሁሉ ሰንጢውን እዚያ ይጥላል፣ ማታ ሲወጣ ይወስዳል።

ጥጋቡ የሚባል የደብረ ታቦር ልጅ ነበር፤ ሠላሳ የሞላው ጎልማሳ፣ ሲያወራ ሰው የሚያስቅ። ሰንጢውን ይዞ ጄሪካኑ ላይ ቆመና፣

"ጌታው፣ እሾህ ሲወጋኝ ታዲያ በምን ላውጣው? በጥርሴ ነው?" አለ።

"እሾህ የሌለበት ቦታ ርገጥ።"

"እሱማ ጎንደር ቀርቷል" አለ፤ ሁሉም ሳቁ።

ያልሳቁት ጋሽ ይማም ብቻ ናቸው። ከወሎ የመጡ፣ ስድሳን ያለፉ ሰው ናቸው፤ ኩንታል የሚያስደረድሩት እሳቸው ነበሩ። እጄን ዘርግቼ ሰንጢያቸውን ልቀበል ስል አልሰጡኝም። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጧት።

"ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ ያጣላል" አሉ። "አንሳት።"

አነሳኋት።

"ግን ልጄ፣ ሰንጢ ጠብ አታውቅም። ጠቡ ያለው ሰውየው ዘንድ ነው። የተቆጣ ሰው በድንጋይም ይገላል፤ ድንጋዩንም ሁሉ ልትሰበስበው ነው?"

ወሬ ነው ብዬ ሰንጢያቸውን ጄሪካኑ ውስጥ ጣልኳት።

ጋሽ ይማም ሌላም የሚያናድደኝ ነገር ነበራቸው። ሲጠሯቸው አይመልሱም። "ጋሽ ይማም!" ዝም። "ጋሽ ይማም!" ዝም። ሦስተኛ ስጮህ ነው "አቤት" የሚሉት። መጀመሪያ ጆሯቸው የደከመ መሰለኝ። ቀጥሎ የናቁኝ መሰለኝ። አንድ ቀን ለጥጋቡ ብነግረው ሳቁን ትቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ንቀት አይደለም። እዚህ አገር፣ በተለይ በቀትር፣ ስምህን የሚጠራህ ሁሉ ሰው አይምሰልህ። ያ ነገር ሁለቴ ነው የሚጠራ፤ ሦስተኛው ላይ አቅም የለውም ይላሉ። ሦስቴ ከጠራህ ሰው ነው፣ አቤት ትላለህ። እኛም ከሳቸው ለምደን እንደዚያው ሁነናል።"

"ይህን የሚያምን አለ?"

"አንተ አልነበርህም አምና። እዚሁ መጋዘን ውስጥ አንድ ጎጃሜ ሞቷል። ከመጣ ሁለት ቀኑ ነበር፤ ስሙን እንኳ በወጉ የያዘለት የለም። ንዳድ ሲያንቀጠቅጠው ከጆንያው ቁልል ጀርባ ገብቶ ተኛ። በሁለተኛው ቀን ነው ያገኘነው። ከዚያ ወዲህ በቀትር የሚጠራ ነገር አለ፤ የሰማ ሰው አለ።"

እኔ ያኔ ምን እንዳልኩ ብነግራችሁ አፍራለሁ፤ ግን ልንገራችሁ። "እንግዲያው ይምጣና ከመጥራት ጆንያ ይሸከም" አልኩና ሳቅሁ። ጥጋቡ አልሳቀም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ የጥር ወር። ጠዋት አንድ መኪና ሰሊጥ ጫንን። ሹፌሩ ስለተቻኮለ ኩንታሉን ከቁልሉ ፊት ፊት ብቻ እናወርድ ነበር። ጋሽ ይማም መጥተው ቁልሉን ከታች እስከ ላይ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከፊቱ ብቻ አታራቁቱት። ወደ ኋላ ይሄዳል። እረፉና ከላይ እናስተካክለው።"

"ከምሳ በኋላ" አልኳቸው።

"ከምሳ በኋላ ከምሳ በፊት አይሆንም" አሉና ወጡ።

መኪናው ሄደ። ሠራተኞቹ ምሳቸውን ይዘው እንደ ልማዳቸው በሰሜኑ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ጥበቃው ወደ ቤቱ ሄዶ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛዬ ቀረሁ፤ ጄሪካኑ እግሬ ሥር ነው፣ አሥራ ስምንት ሰንጢ ይዟል። የቆላ ቀትር የማያውቅ ሰው ዝምታ አያውቅም። ወፉ አፉን ከፍቶ ዛፍ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይጮህም። ውሻው አይጮህም። ጣሪያው ብቻ በሙቀቱ አልፎ አልፎ "ጧ" ይላል።

"ደረጀ!"

ከውስጥ ነው። ከቁልሉ ጀርባ።

"አቤት!" አልኩ። ምላስ ከሐሳብ ይቀድማል።

ሁለተኛ አልጠራኝም። ያን ጊዜ ነው ውስጥ ሰው መኖር እንደሌለበት ያስታወስኩት። ሁሉም ሲወጡ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሌባ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ እንዳያመልጠኝም ተነስቼ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ዱላ ያዝኩ። የጠባቂውን ስም ጠርቶ የሚሰርቅ ሞኝ ሌባ የት አለ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ማንም አልነበረም።

በቁልሉና በቆርቆሮው ግድግዳ መሀል አየር እንዲገባ ተብሎ የሚተው ክፍተት አለ፣ በጎን ዞረው የሚገቡበት። አንገቴን አስገብቼ፣ "ማነህ? ውጣ!" አልኩ። ገባሁ። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሙቀት ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። የጥላው ወገን ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እስከ መሀሉ ስደርስ መሬቱ ላይ አንድ ባዶ ጆንያ ለመኝታ ተነጥፏል፤ በራስጌው በኩል ሌላ ጆንያ ተጠቅልሎ እንደ ትራስ ተቀምጧል። ሰው የለም። አጠገቡ ቆርቆሮው ላይ፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣ በስለት የተፋቀ ነገር አየሁ፤ ብዙ መስመር፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ላየው ጎንበስ ልል ስል ከላይ "ሽርርር" የሚል ነገር ሰማሁ።

ቁልሉ ሲመጣ እንደምታስቡት አይጮህም። ሰው ተኝቶ እንደሚገላበጥ ነው የተገላበጠው። ጆንያዎቹ ደረቴን ይዘው ከቆርቆሮው ጋር አጣበቁኝ። ግራ እጄ ከጎኔ ተቀበረ፣ ቀኝ እጄ ከጀርባዬ ቀረ። ፊቴ ብቻ ወደ ጎን ዞሮ ነፃ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ ውርደት ነው። አሁን ሠራተኞቹ ምን ይሉኛል አልኩ።

ከዚያ አየር ሳስወጣ ነገሩ ገባኝ። አየር ባስወጣሁ ቁጥር ጆንያው ደረቴ የለቀቀውን ቦታ ይይዛል። መልሼ ስስብ ቦታው የለም። ከላይ ደግሞ አንድ ኩንታል ተቀዶ ሰሊጥ በትከሻዬ ላይ ይወርዳል፤ ቁርጭምጭሚቴን ሸፍኗል፣ ወደ ጉልበቴ እየመጣ ነው።

ሰዎቹ ከእኔ የአንድ ቆርቆሮ ያህል ብቻ ርቀው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ይሰማኛል። "ጠክ፣ ጠክ" የሚል ነገር ይሰማኛል፤ ጥጋቡ ሽንኩርት በድንጋይ እየቀጠቀጠ ነበር። የሽንኩርቱ ሽታ ቆርቆሮው በተጋጠመበት በኩል ገባ።

"ሰንጢየ ብትኖር እንዲህ አልደቀድቀውም ነበር" ሲል ሰማሁት፤ የተወሰኑት ሳቁ።

"ጥጋቡ!" አልኩ።

ድንጋዩ ቆመ።

"ሰማችሁ?" አለ አንዱ።

"ዝም በል።"

"የጌታው ድምፅ ነው እኮ።"

"ይመስላል እንጂ! ጌታው በር ላይ ተቀምጧል፣ ስንወጣ አይቸዋለሁ። ግድግዳ ውስጥ በምን ይገባል?"

"ጥጋቡ!" አልኩ ደግሜ። ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር።

"ወይኔ፣ የኔን ስም ነው የሚጠራ!" አለ ጥጋቡ። ያ ሁሉን የሚያስቅ ሰው ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "በስመ አብ ወወልድ..."

ሦስተኛ ልጠራው አፌን ስከፍት ኮንጎ ጫማዎቹ ሲነሱ ሰማሁ። ሳይሮጡ፣ ተጠጋግተው፣ ቀስ ብለው ራቁ። ደንግጦ የሚሸሽ ሰው ጀርባውን ለማሳየት እንደሚፈራ። ሁሉም የሄዱ መሰለኝ።

በሕይወት እያለሁ ለሰው ጋኔን ሆንኩ። ለቅሶዬ መጣ፤ እንባ ግን ትንፋሽ ይፈልጋልና ተውኩት።

ዓይኔን ወደ ክፍተቱ አፍ ስመልስ፣ በሁለት ጆንያ መሀል የጣት ስፋት ያላት ብርሃን አለች። በእሷ በኩል የጠረጴዛዬ እግር ይታያል። ከጠረጴዛው ሥር ቢጫው ጄሪካን። አሥራ ስምንት ስለት፣ ሁሉም ተጣጥፈው። አንዷ በአንድ ሰው ወገብ ላይ ብትኖር ይህን ጆንያ ቀዶ ሰሊጡን ማፍሰስ የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን ሁሉንም ሰብስቤ ከራሴ ጋር ቆልፌባቸዋለሁ።

ሰሊጡ ወገቤ ደርሷል። ያን ጊዜ ጋሽ ይማም ትዝ አሉኝ። እሳቸው ሦስቴ ከተጠሩ ይመጣሉ። ሦስቴ ብቻ።

"ጋሽ ይማም!"

ደረቴ ጠበበ። ቆየሁ። በአፍንጫዬ ጫፍ ጥቂት ጥቂት ሳብኩ።

"ጋሽ... ይማም..."

አንድ ነው የቀረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም፤ ሥራ አይደለ፣ ሴት አይደለ፣ አንድ ስም አንድ ጊዜ መጥራት። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በምትኩ ሰሊጥ ገባበት፤ ጥሬ፣ ቅባት ቅባት የሚል። መትፋት አልቻልኩም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንደሆነው እነግራችኋለሁ እንጂ አላስረዳም። ከጎኔ፣ ያ ጆንያ በተነጠፈበት በኩል፣ ሰው የሚተነፍስ ነበር። ንዳድ እንደያዘው ሰው አጭር አጭር ትንፋሽ፣ በመሀሉ የጥርስ መንቀጥቀጥ ያለበት። የእኔ አልነበረም፤ የእኔ ቆሟል። አልፈራሁም። "አለህ?" ልለው ፈለግሁ። ዓይኔ መጨለም ጀመረ።

"ቀጭ።"

ከቆርቆሮው ማዶ፣ ጆሮዬ ሥር። ያን ውሃ ስታሳየኝ የኖረች ድምፅ። ይህን ጊዜ ግን እንደዚያች ያለ ጣፋጭ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ድንጋይ ብረት መታ። የስለቷ ጫፍ ቆርቆሮውን በስታ ገባች፤ ከአንገቴ ሦስት ጣት ያህል ርቃ ቆመች። ዓይኔን ወደ ጎን ሳዞር አያታለሁ። ትንሽ ናት፣ ያረጀች።

"እንዳትነቃነቅ" አለ የሽማግሌ ድምፅ። "ወላሂ እንዳትነቃነቅ።"

ድንጋዩ እየመታ ስለቷ ወደ ታች ወረደች። ቆርቆሮው ጮኸ። ብርሃን ገባ፤ ከብርሃኑ ጋር የጋሽ ይማም አንድ ዓይን።

"አብሽር ልጄ። አለሁ።"

በቀዳዳው እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡ። ስለቷ በጎኔ በኩል፣ ልክ ወንድሜ በተወጋበት ቦታ፣ ቀዝቀዝ ብላ አለፈች። ደረቴን የያዘውን ጆንያ ሆዱን ቀደዱት። ሰሊጡ በተቀደደው ቆርቆሮ ወደ ውጭ ይፈስ ጀመር፤ ጆንያው ላላ፤ አየር ገባ። ያን ጊዜ ሌሎቹም ተመልሰው ኖሮ ብዙ እጅ ቆርቆሮውን ሲገነጥለው ይሰማኛል። ጥጋቡ በሸሚዜ ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ቆርቆሮው ጀርባዬን ሸረከተኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ።

ጥላው ላይ አስተኙኝ። ውሃ አፈሰሱብኝ። ጥጋቡ ራሴን ታቅፎ "ጠራኸኝ እኮ፣ ጠርተኸኝ ሄድሁ" እያለ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጋሽ ይማም ፈንጠር ብለው ተቀምጠው ሰንጢዋን በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። መናገር ስችል በመጀመሪያ የጠየቅሁት ነገር ዛሬም ያስቀኛል፤ ሹመት ክፉ ነው።

"ጋሽ ይማም፣ ጠዋት ሰንጢዎን አስረክበው አልነበረም?"

"የኔ እጄሪካንህ ውስጥ ናት። ይቺ የኔ አይደለችም፤ አደራ ናት።"

"የማን?"

ሰንጢዋን አጠፏት።

"አምና እዚሁ ነበር የተቀመጥኩ። ቀትር ነው። 'አያ ይማም' አለኝ ከውስጥ። አገሩ እንደዚያ ነው መሰል ሽማግሌ የሚጠሩ፤ እዚህ አያ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ዝም አልኩ። ደግሞ 'አያ ይማም' አለ። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ልጄ፣ እኔ ጆሮዬ ደህና ነው፤ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አይደለም ብዬ ምሳዬን በላሁ።"

ጥጋቡ አማተበ።

"ስናገኘው ሰንጢዋ ተከፍታ እጁ ላይ ነበረች። ቆርቆሮውን ሲፍቅ ኖሯል፣ አቅሙ አልደረሰም። ዘመድ ከመጣ እሰጣለሁ ብዬ ያዝኳት። እሷን ጄሪካን ውስጥ ልጣላት?"

ግድግዳው ላይ ያየሁት ጭረት ትዝ አለኝ።

"ግን ጋሽ ይማም፣ እኔም ሁለቴ ነው የጠራሁዎት። ሦስተኛው እምቢ አለኝ" አልኩ።

"አውቃለሁ። እነሱ ሲሸሹ እኔ አልተነሳሁም፤ ሁለቱን ሰማሁ፤ እንደ አምናው ቁጭ ብዬ ቆየሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ዘንድሮም ቁጭ ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ምን አስነሳዎት?"

ዓይናቸውን ከተቀደደው ቆርቆሮ ሳይነቅሉ መለሱልኝ።

"ሦስተኛውን ሰማሁ። 'አያ ይማም' ነው ያለኝ።"

ጥጋቡ በኋላ ለብቻው ስጠይቀው ሦስተኛ ድምፅ እንዳልሰማ ምሎ ነገረኝ። ምናልባት ሽማግሌው ዓመት ሙሉ የጠበቁት ድምፅ በጆሯቸው መጥቶ ይሆናል። ምናልባት እኔ ራሴን ስስት ጠርቼ ይሆናል። እኔ ግን በሕይወቴ ማንንም አያ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጄሪካኑን አውጥቼ አሥራ ስምንቱንም ሰንጢ አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱ የራሱን አነሳ። ጥጋቡ የሱን ሲያነሳ፣ "እንግዲህ ጌታው፣ እንደፈለግን እንርገጥ?" አለኝ። ሳቄ ሲመጣ እንደ ወንድሜ ጎኔን ያዝኩ፤ የተሰበረው የጎን አጥንቴ ገና አልዳነም ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ይማም ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሸኘኋቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል ጎንበስ ብለው ያቺን ሰንጢ መሬት ላይ አስቀመጡ።

"እኔ ከእንግዲህ አልመለስም። አንተ ወጣት ነህ፤ ዘመዱ ቢጠይቅ አንተ ትገኛለህ። አንሳት።"

አነሳኋት።

እኔም ለፋሲካ ወደ ጎንደር ስሄድ አንድ ኬላ ላይ ስንፈተሽ ከኪሴ ተገኘች። ፈታሹ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ "ይህችን ምን ትሠራባታለህ?" አለኝ። ከአጠገቤ ተቀምጣ ስታጫውተኝ የመጣችው እናት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። አንድ ጎረምሳ ወንበር ቀየረ። ፊታቸውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት ለብሼዋለሁ። ብርቱካን እልጥባታለሁ አልኩ፤ ማንም አላመነም። ፈታሹ ሥራው ነውና ወስዶ ከሌሎች ሰንጢዎች ጋር ካርቶን ውስጥ ጣላት። አውቶቡሱ ሄደ። እኔ ቀረሁ። ካርቶኑ አጠገብ ተቀምጬ ለሁለት ሰዓት ያህል ከላይ ያነበባችሁትን ሁሉ ነገርኩት። ስጨርስ ካርቶኑን ገለበጠና ሰንጢዋን ለይቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ከእጁ አልሰጠኝም። የየት አገር ሰው እንደሆነ ሳልጠይቀው መምጣቴ ይቆጨኛል።

ውድ አንባቢዎች፣ ሰንጢ ክፉ አይደለችም ልላችሁ አልተነሳሁም። ወንድሜ አሁንም ሲስቅ ጎኑን ይይዛል። ግን ወገቡ ላይ ሰንጢ ያንጠለጠለ የቀን ሠራተኛ ስታዩ ቦርሳችሁን ከመሳባችሁ በፊት እጁን እዩት፤ እሾህ የሚያወጣባት እጅ ነው። እኔ ዛሬ ስሜ ሲጠራ በመጀመሪያው "አቤት" እላለሁ፤ ቀትርም ቢሆን፣ የጠራኝ ማንም ቢሆን።

አንድ ልመና አለኝ። ሰንጢዋ ከጥቁር ቀንድ የተሠራ እጀታ አላት፣ በሰማያዊ የኤሌክትሪክ ሽቦ የተጠመጠመች። ስለቷ ሥር ሦስት ትንንሽ ቁርጥ ምልክት አለ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ያልተመለሰ ወንድም፣ ልጅ፣ ባል ያላችሁ፣ ይህን ምልክት የምታውቁት ከሆነ አደራችሁ እኔ ዘንድ አለች። መቃብሩን አሳያችኋለሁ፤ ድንጋዩን በየወሩ የማስተካክለው እኔ ነኝ፣ ድንጋዩ ላይ ግን ምንም አልተጻፈበትም። ስሙን ንገሩኝ። በቀትር ሄጄ ራስጌው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ልጠራው እፈልጋለሁ።